ልጓም የለመደ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ትልቁ ልጄ ዳዊት አዲሷን መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ «አባዬ፣ ና እስቲ ሞክራት» አለኝ። ኤሌክትሪክ ናት። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ ማርሽ የላት፤ ዝም ብላ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ደርሶ ከሰሞኑ ብስጭት ላይ ነኝ። አዲስ መመሪያ ወጥቷል አሉ፤ ዕድሜው የገፋ አሽከርካሪ ዓይኑን ይመርመር፣ ጆሮውን ይመርመር፣ ሲያስፈልግም ሲነዳ ይታይ ተባለ አሉ። ዕድሜ ልኬን በዚች በናዝሬት ከተማ፣ አዳማ በል ካላችሁኝም እላለሁ ሁለቱም ስሟ ነው፣ መኪና ማሽከርከር ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ማን ማንን ሊፈትን ነው እያልኩ ነው መሪው ኋላ የተቀመጥኩት። በፖስታ ቤት በኩል ታጥፈን ዋናው መንገድ ላይ ልንወጣ ስንል አንድ ባጃጅ ፊታችን ድቅን አለ። ግራ እግሬ ምን ሠራ መሰላችሁ? ፍሪሲዮን፣ ያችን ማርሽ ሲቀየር የምትረገጠውን፣ ፍለጋ ሄደ። ፍሪሲዮን ከየት አባቱ ይምጣ፣ መኪናዋ የላትም! ያገኘው ፍሬኑን ነው፤ እሱኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ባለችበት ተተከለች፣ ዳዊት በቀበቶው ተንጠለጠለ፣ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን አንባረቀው። «አባዬ! ምን ሆንክ?» «እኔ አይደለሁም፣ እግሬ ነው» አልኩት። ይሄን እንዳልኩ ንግግሩ የኔ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። የከድር ነው። ከድር ከብዙ ዓመት በፊት እንባ ባቀረረ ዓይኑ እያየኝ «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» ብሎኝ ነበር። መሪውን ለልጄ ለቀቅኩና ወደ ቤት ተመለስን።

ከድር ባለጋሪ ነበር። ለዛሬ ልጆች ጋሪ ሲባል ብሎኬትና አሸዋ የሚጭነው ነው የሚመስላቸው። የኛ ዘመን ጋሪ ታክሲ ነበር፤ ያውም ምን የመሰለ ታክሲ! ሁለት የጎማ እግር፣ ከላይ ፀሐይ የሚከልል ሸራ፣ ስፖንጅ ሆኖ ቀይ ላስቲክ የለበሰ ወንበር፣ ከኋላው ማዘጋጃ ቤት ቁጥር የመታበት ቆርቆሮ ታርጋ። ከፈረሱ ጭራ ሥር ጆንያ ይንጠለጠላል፤ ከተማው እንዳይቆሽሽ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ጆንያ ያላሰረ ባለጋሪ ትራፊክ እጅ ከገባ ጉዱ ፈላ። ሃምሳ ሳንቲም ይዘህ ከባቡር ጣቢያ ተነስተህ ፍራንኮ ሠፈር ትደርሳለህ፤ ጨዋታው በነፃ ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ አስፋልቱ ላይ ኳ ኳ የሚለው የፈረስ ኮቴ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ ሻሻቸውን ሸብ አድርገው፣ ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪያቸውን ቀጥ አድርገው ተኩሰው ጋሪ ላይ ይወጡና ያ የናዝሬት ንፋስ ተነስቶ አቧራውን ሲያለብሳቸው ማየት ነበር። ከዚህ ሻይ ቤት ቴፕ ይጮሃል፣ ከዚያኛው ሬዲዮ ይጮሃል፤ ጋሪው ሲያልፍ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይቀበልሃል። እኔና ባለቤቴ አልማዝ ስንተጫጭ ብዙውን ጨዋታችንን የጨረስነው ጋሪ ላይ ነው። ባለጋሪው ደግሞ ጨዋ ከሆነ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ከድር ዞሮ አያውቅም።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበር፤ ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ኮት፣ ተረከዙ የተረገጠ ሸራ ጫማ። ፈረሱ ዳለቻ ይባላል፤ ስሙም መልኩም ያው ነው። «አካም ቡልቴ» ብሎ በኦሮምኛ ይጀምርሃል፣ ባማርኛ ወሬውን ይጠርቅልሃል፣ ስትወርድ ባረብኛ መርቆ ይሸኝሃል። ገንደ ሀራ ውስጥ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበረችው። ሚስቱ ፋጡማ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ሦስቱም ልጆቻቸው ይማራሉ፤ በተለይ ትልቋ ራህማ፣ አስተማሪዎቿ ስሟን ጠርተው የማይጠግቡላት ልጅ ነበረች። ከድር ስለ ራህማ ሲያወራ ዳለቻ እንኳ እርምጃውን ቀነስ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ መጣ። ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ ሕጉ ክፉ አልነበረም። ከተማው ሰፍቷል፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ከባድ መኪና በዝቷል፤ ፈረስ ከተሳቢ ጋር ሲጋፋ ማየት ያሳቅቃል። ቁስል ጀርባውን የበላው ፈረስ ሲገረፍ ያየ ሰውም ሕጉን አይጠላም። ሕጉን ያወጡትም ባለጋሪዎቹን እንዲያው በደፈናው አልጣሏቸውም። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ የባለ ሦስት እግር መንጃ ፈቃድ ያመጣ ባለጋሪ ባጃጅ ማኅበር ይገባል፤ ያላመጣ እንደ ፍጥርጥሩ። ወጣቶቹ ባለጋሪዎች እሰየው ብለው ተሰለፉ። ሌሎቹ ፈረሳቸውን ይዘው ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ፣ ያው ወደ ባቱ ሄዱ፤ እዚያ ጋሪን የሚናገረው አልነበረም። የፋጡማ ወንድም ባቱ ሐይቁ ዳር ቲማቲም ያለማል፤ «ኑ፣ ከድር እዚህ ጋሪውን ይንዳ» እያለ ይልክባቸዋል። ፋጡማ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። «ልጄን ከትምህርቷ መሃል ነቅዬ የት ነው የምወስዳት?» ትላለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከድር መንጃ ፈቃድ ካገኘ ይቀራሉ፣ ካላገኘ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት ነው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ኮቱን ቆልፎ እኔ የማስተምርበት ማሠልጠኛ በር ላይ አንድ ጠዋት ቆሞ ያገኘሁት።

እኔ ያኔ ጉልማሳ ነኝ፤ አፌ ደግሞ አያርፍም። ተማሪ ሲያጠፋ ዝም ማለት አልችልበትም፤ «ይሄ እጅ ነው ወይስ የቀበሌ ማኅተም?» ብዬ የጮህኩበት ተማሪ ዛሬ ሽበት አብቅሎ ሲያገኘኝ ይስቅብኛል። ከድር ግን በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ደግሞም ወዳጄ ነው። ስለዚህ እርስዎ እያልኩ እሰድበው ጀመር። «ኦቦ ከድር፣ ምን ነካዎት? ዓይንዎን የት አስቀምጠውት ነው?» እላለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ባጃጁን አቆመና «ስማ አስተማሪዬ» አለኝ፣ «አንተ በለኝና ስደበኝ። እርስዎ እያልክ ስትሳደብ የቀበሌ ሊቀመንበር የሰደበኝ ይመስለኛል።» ከዚያ ወዲያ አንተ ተባባልን።

ምልክቶቹን ለማወቅ አልተቸገረም። ያኔ ፈተናው በቃል ነበር፤ ፈታኙ ሰሌዳውን ያነሳል፣ አንተ ትመልሳለህ። አሁን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው አይጥ ያስይዙሃል፤ ደግሞ ደረጃው ሁሉ ስሙ ተለዋውጧል። የኛ ጊዜ ሦስተኛ አለው፣ አራተኛ አለው፣ አምስተኛ አለው ነው የሚባለው፤ አምስተኛ ያለው ሾፌር ሠፈር ውስጥ ሲሄድ ልጃገረዶች በመስኮት ያዩታል። አሁን ደረቅ አንድ፣ ሕዝብ ሁለት ይሉሃል፤ ደረቅ ስባል የተሰደብኩ ነው የሚመስለኝ። እና ከድር በምልክት ማንም አልበለጠውም፤ መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ የኖረበት ነው። ቅድሚያ ለማን ነው ስትለው «ለሽማግሌ» ይልሃል፣ ከዚያ አፉን ይዞ «ለቀኙ፣ ለቀኙ» ይላል።

ችግሩ እጁ ነው። ባጃጅ ነድታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የባጃጅ ነዳጅ መስጫ ቀኝ እጀታው ላይ ነው፤ ወደ ራስህ ጠምዘዝ ስታደርገው ይሄዳል። ፍሬኑ ደግሞ እግር ላይ ነው። ባለጋሪ እንዴት ነው ፈረስ የሚያቆመው? ልጓሙን ወደ ራሱ ይስባል። ገባችሁ? የመጀመሪያ ቀን ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሄድን፤ ጥሩ ነዳ፣ ቀጥ አድርጎ ነዳ። «በል አሁን አቁም» አልኩት። ከድር ሁለት እጁን ጭብጥ አድርጎ ወደ ደረቱ ሳበ። ባጃጁ እየጮኸ ተወነጨፈ! «ቁም! ቁም ብያለሁ!» ስል፣ ባሰበት፣ ይበልጥ ሳበ፤ ባጃጁም ይበልጥ ሮጠ። «ሱታ! ሱታ!» እያለ በኦሮምኛ ቀስ በል ይለዋል፣ ባጃጁን! ቁልቋል አጥር ውስጥ ገብተን ቆምን። እሾሁን ለመንቀል ያን ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ቆሽቴ አርሮ ልጮህበት ስዞር ከድር ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ ያያቸዋል። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» ያለኝ ያኔ ነው።

ሌሎቹም ባለጋሪዎች ይሄንኑ ይሠሩ ነበር፤ ሁሉም ሲደነግጡ ይስባሉ። ወጣቶቹ ግን በሳምንት ረሱት። የከድር እጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልጓም የያዘ ነው፤ ሲረጋጋ ያስታውሳል፣ ሲደነግጥ ይረሳል። መንገድ ላይ ደግሞ የሚያስደነግጥ አይጠፋም። የሞከርኩትን አልነግራችሁም፤ እጁን በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ እጀታው ላይ ሚጥሚጣ ልቀባ ሁሉ አስቤ ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ፤ ውሻ ሲገባበት ደንግጦ ለምልክት የተደረደረውን በርሜል ሁሉ አንጋሎ ሄደ። ሁለተኛውንም ወደቀ፤ ፈታኙ ራሱ ዘሎ ወረደ። ከሦስቱ አንድ ዕድል ቀረው። ጊዜው እያለቀ ነው፤ ከድር ጋሪውን በጓሮ በጓሮ እየነዳ ለልጆቹ ዳቦ ይለቅማል፣ ትራፊክ ካየው ይደበቃል። ያ ትልቅ ሰው ግንብ ሥር ተለጥፎ ከፈረሱ ጋር ሲደበቅ አይቼ አንጀቴን በላኝ።

ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ቤቴ መጣ። አልማዝ ያኔ ሦስተኛ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ጓዳ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ለከድር ሻይ አቀረብንለት፣ አልጠጣም። «በቃኝ» አለ። «ባቱ እንሄዳለን። ቲማቲም አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አለ፤ ሾፌሩን አነጋግሬዋለሁ። ራህማ እዚያ ትማራለች።» ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያቃተኝም እኔ ነኝ።

አልማዝ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች። «ከድር» አለችው፣ «እኔን ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ልጓም መች ሳብክ?»

ከድር ቀና አለ። እኔ ምን እንደምትል አልገባኝም። አልማዝ ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ሁለተኛ ልጃችንን ስትወልድ እኔ ተማሪ ይዤ ሞጆ ነበርኩ፤ ምጥ ሲመጣባት ከቤታችን ሐኪም ቤት ያደረሳት ከድር ነው። የናዝሬት ባለጋሪዎች ወግ አላቸው፤ ምጥ የያዛት ወይም የከበደች ሴት ስትሳፈር ልጓም አይሳብም። ልጓም ከተሳበ ፈረሱ ይደነግጣል፣ ጋሪው ወደ ኋላ ይንገጫገጫል፣ ሴትየዋን ይጎዳታል። ስለዚህ ባለጋሪው ልጓሙን ጉልበቱ ላይ ጣል ያደርግና ፈረሱን በቃል ብቻ ይነዳዋል፤ ሊያቆም ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረዋል፣ ቀኝ እግሩን ፊት ለፊቱ ያለው ጣውላ ላይ ገፋ ያደርጋል። «ያን ቀን ከጀርባውና ከእግሩ በስተቀር የማየው አልነበረኝም» አለች፣ «ምጡ ሲነሳብኝ እሷኑ እግሩን ነው የማያት። አህያ ገባበት፣ ሕፃን ገባበት፣ አንዴ እንኳ እጁን አላነሳም። እግሩ ብቻ ናት የተንቀሳቀሰችው።»

«እሱማ ወግ ነው» አለ ከድር፣ «አንቺ ስለነበርሽ ነው።»

«እንግዲያው ነገ እኔ ኋላ እቀመጣለሁ» አለች አልማዝ።

«አብደሻል?» ብዬ ተነሳሁ።

«ያበድከው አንተ ነህ፤ ሁለት ወር ሙሉ የጮህክበት! ጩኸት ሲሰማ ነው የሚደነግጠው።»

ከድር ደግሞ ተነስቶ «ወላሂ አልጭንሽም! ሞቼ እገኛለሁ!» አለ። ሁለታችንም ብንል ብንል አልማዝን ያወቀ ያውቃታል። በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ ደርሰን የባጃጁ ወንበር ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። «አፈር ስሆን ውረጂ» አልኳት። «ከድር፣ ሂድ» አለች። እኔንም አላስገባችኝም፤ «አንተ እዚያ ቁም፣ አፍህንም ያዝ» ተባልኩ።

ዛሬ ሳስበው እንዴት እንደፈቀድኩ አላውቅም። ከድር ቢስሚላህ አለ። እጀታውን በጣቶቹ ጫፍ ነው የያዘው፣ ትኩስ ብርጭቆ እንደሚይዝ ሰው። ባጃጁ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ ዞሩ፣ ሁለት ዞሩ። እኔ ከንፈሬን እየነከስኩ አያለሁ። ሦስተኛው ላይ ከሸንኮራ እርሻ የሚመለሱ በሬዎች ከጥሻው ውስጥ ብቅ አሉና አንደኛው ወይፈን ደንብሮ ፊታቸው ተወነጨፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወንድ ነኝ አልልም፣ ጨፈንኩ። «አሁን ይስባል፣ አሁን ሚስቴን ገደል ይከትብኛል» እያልኩ የሞተሩን ጩኸት ጠበቅኩ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ ወይፈኑ ሄዷል፣ ባጃጁ ቆሟል፣ ከድር ቀኝ እግሩን ፍሬኑ ላይ ተክሎ «ሱታ፣ ሱታ» ይላል፤ ግንባሩ ላብ በላብ ነው። አልማዝ አንገቷን አውጥታ «ደህና ነኝ፣ ቀጥል» አለችው። ያን ሳምንት በየቀኑ ወጣች። እኔ አልጮህኩም፤ እንዲያውም ያን ሳምንት ምንም አላስተማርኩም ማለት ይቻላል።

አሁን ባጃጆቹም በተራቸው ከዋናው መንገድ ውጡ እየተባሉ ነው። በቀደም መናኸሪያው አጠገብ ወጣቶቹ ተሰብስበው ሲያማርሩ ሰማሁ፤ ስለ ታርጋው፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ አዲሱ መመሪያ። አንዱ «ፋዘር፣ እኛ የት እንሂድ?» አለኝ። መንገድ ሲጠብ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስን ሰው ቦታ ተቀምጬ አላውቅም፤ የማውቀው የሚወጣው ሰው እጅና እግር እንዳለው ነው፣ እሱን ለማስለመድ ጊዜ እንደሚፈልግ ነው። ጊዜ ስጧቸው እላለሁ። ለኔም ስጡኝ፤ ግራ እግሬን ላሳርፋት እየሞከርኩ ነው። ከድር አሁንም በሕይወት አለ፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ከቤት ብዙም አይወጣም። ባለፈው ዒድ ሄጄ ስጠይቀው የመኪናዬን ድምፅ ከበር ሰምቶ «ፍሪሲዮኗ አልቋል» አለኝ፤ እውነቱን ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ግን አይረሳኝም። ነገሩ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ አይሱዙው ያን ቀን ከሰዓት ገንደ ሀራ ይመጣል። ከድር ከወደቀ ቤተሰቡም ዕቃውም ዳለቻም ይጫናሉ። ካለፈ ዳለቻ ብቻውን ወደ ፋጡማ ወንድም ይሄዳል፤ ባጃጅ እየነዳ ሥራ የፈታ ፈረስ የሚቀልብ ሰው የለምና። ፋጡማ ሁለቴ ሲወድቅ አይታለች፤ ተስፋ ቆርጣ ከጠዋት ጀምሮ ዕቃዋን ማሰር ጀምራለች። እኔና ከድር ወደ መፈተኛው በእግራችን ሄድን። በመንገድ ላይ የሚያውቁት ሁሉ «በርታ» ይሉታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

አልማዝን ይዞ መፈተን አይፈቀድም። ፈታኙ ነው ከኋላ የሚቀመጠው። ያን ቀን የደረሰን ፈታኝ ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ሰውዬ ነው። ከድርን ሳየው ከንፈሩ ደርቋል። ሰውዬው እያቃሰተ ሲሳፈር ከድር ዞሮ አየው፤ ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ሆዱን፣ ደህና አድርጎ አየው። ከዚያ ፊቱ ተፈታ። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ግራ ገባኝ።

ሄዱ። ስምንት ቁጥሩን ዞረው፣ ዳገቱን ወጡት። ቁልቁለቱ ላይ ፈታኙ ሆን ብሎ በድንገት «ቁም!» ብሎ አንባረቀ፤ እስከቆምኩበት ድረስ ይሰማል። ነፍሴ ልትወጣ። ባጃጁ ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ ቆመ። እንደገና ሂድ አለው፣ እንደገና ጮኸበት፤ እንደገና ቀስ ብሎ ቆመ። መጨረሻ ላይ መነሻው ቦታ መጡና ፈታኙ ሳይወርድ መነጽሩን አወለቀ።

«አባባ» አለው፣ «ስንት ሰው ፈተንኩ፤ እንዲህ አድርጎ ያቆመልኝ የለም። ማን አስተማረዎት?»

ከድር ውሸት አያውቅም። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ «እኔ የከበደች ሴት ስጭን ነው እጄ የሚያርፈው። እርስዎን ሳይዎት... ዘጠነኛ ወርዎ ነው ብዬ አሰብኩ።»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ፈታኙ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሆድ አየ። ከዚያ ከሆዱ የመጣ ሳቅ ሳቀ፤ ባጃጁ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ እንባውን በመሀረቡ ጠረገ። «በሉ ይሂዱ፣ አልፈዋል» አለው፣ «ወንድ ልጅ ከሆነ ከድር እለዋለሁ።»

ከድር አልሳቀም። ሳቁ አልሰማውም መሰለኝ። ክንዴን ጨብጦ ይዞ እስከ ገንደ ሀራ ድረስ አልለቀቀኝም።

ስንደርስ አይሱዙው በሩ ላይ ቆሟል፤ የቲማቲም ሳጥኖቹ በአንድ በኩል ተከምረዋል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፣ ድስትና ጄሪካን በጆንያ ገብቷል፤ ፋጡማ ጆንያው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ራህማ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አፌን ልከፍት ስል ከድር ክንዴን ጫን አለኝ። ለማንም ምንም ሳይል ወደ ዳለቻ ሄደ። ራሱ ፈታው፣ ራሱ በጣውላው ላይ እየመራ መኪናው ላይ አወጣው፣ ራሱ አሰረው። አንገቱን አቅፎ ጆሮው ሥር በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው። አልሰማሁም፣ ጠይቄውም አላውቅም።

ፋጡማ ፈረሱ ሲጫን አየች። የወደቀ መሰላት። ተነስታ ፍራሹን አቅፋ ወደ መኪናው ልታቀብል ሄደች። ከድር ዘሎ ወረደና ከእጇ ላይ ወሰደው። ለሾፌሩ «ሂድ» አለው።

«ዕቃውስ?» አለ ሾፌሩ።

«ዕቃ የለም።»

ፋጡማ አየችው። አፏን በሻርፗ ያዘችና ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አይሱዙው ተነሳ፤ ትንንሾቹ ልጆች «ዳለቻ! ዳለቻ!» እያሉ እስከ መታጠፊያው ሮጡ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። ከድር ወደ መንገዱ አልዞረም። ተንበርክኮ የፍራሹን ገመድ ሊፈታ ይታገላል፤ ፋጡማ እያለቀሰች ነው ያሰረችው መሰለኝ ቋጠሮው ጠብቋል። ቢላ ላምጣ አልኩት፣ እምቢ አለ። ራህማ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። ገመዱ እንደ ምንም ተፈታ። ከድር ፍራሹን ትከሻው ላይ አደረገና በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከፈተው።

«ግቡ» አላቸው ልጆቹን፣ «ቤታችን ነው፣ ግቡ።»